ፕሪሳይስ፦ ንፋስንና ፕላስቲክን የሚያስታርቅ ሶፍትዌር

የደብረ ብርሃንን የበጋ ንፋስ ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዘንድሮ የአማቴን የችግኝ ቤት ፕላስቲክ ሁለት ጊዜ ቀደደው። «መሐንዲስ ነኝ ትል የለም እንዴ?» አሉኝ። በዚሁ ነገር ገባሁበት።

ፕሪሳይስ የተለያዩ የስሌት ፕሮግራሞችን የሚያገናኝ ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ከሙኒክና ከሽቱትጋርት ዩኒቨርሲቲዎች የወጣ ሥራ። ራሱ ንፋስም ፕላስቲክም አያሰላም። ንፋሱን የአየርና የፈሳሽ ፍሰት ለሚያሰላው ኦፕንፎም፣ ፕላስቲኩን የጠጣር ነገር መታጠፍ ለሚያሰላው ካልኩሊክስ ሰጠሁ፤ እሱ መሃል ተቀምጦ የንፋሱን ግፊት ወደዚያ፣ የፕላስቲኩን መታጠፍ ወደዚህ ያመላልሳል። ሽማግሌ በሉት።

ሽማግሌው ስንት ጊዜ ይመላለስ? ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በሜትር ኩብ 0.87 ኪሎ ግራም አካባቢ፣ ባሕር ጠለል ላይ 1.2 የሚሆነው ማለት ነው። «እንዲህ የሳሳ አየር ፕላስቲኩን ብዙም አያስቸግረውም» ብዬ በየእርምጃው (ስሌቱ ጊዜን በሚከፋፍልባት በእያንዳንዷ ቅጽበት) አንድ ጊዜ ብቻ እንዲለዋወጡ አዘዝኩ። ስሌቱ ወዲያው ፈነዳ፣ ቁጥሮቹ ከልክ በላይ ናሩ፤ የፕላስቲኩ ጫፍ በስክሪኑ ላይ እንደ ጅራፍ ተጠማዝዞ ሜሹን፣ ማለትም ስሌቱ የሚሠራበትን የትናንሽ ክፍሎች መረብ፣ በጣጠሰው።

የረሳሁት የፕላስቲኩን ክብደት ነው። 0.2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ፕላስቲክ በካሬ ሜትር 180 ግራም ገደማ ነው። ግማሽ ሜትር የላላ ጠርዝ ሲርገበገብ አብሮት የሚገፋው አየር ከራሱ ይከብዳል፤ እኔ ደግሞ አየሩን የማይታመቅ አድርጌ ነው ያሰላሁት። ሁለቱ ሲገናኙ በየእርምጃው አንድ ልውውጥ ብቻ አይበቃም፤ ስሌቱ የፈነዳው ለዚህ ነው። በየእርምጃው እስኪስማሙ እንዲመላለሱ አድርጌ ኳሲ ኒውተን የሚባለውን ማፋጠኛ ስጨምርበት በአራት በአምስት ዙር መስማማት ጀመሩ። ይህን ለመቀየር የነካሁት የቅንብር ፋይሉን ጥቂት መስመሮች ብቻ ነው። የወደድኩለትም ለዚህ ነው።

ለመጫን ኡቡንቱ ያዙ፣ ሁለቱን ፕሮግራሞች ከፕሪሳይስ ጋር የሚያገናኙትን አዳፕተሮችም ከፕሪሳይስ ሥሪት ጋር አመሳስሉ። እኔ የሁለተኛውን ሥሪት ቅንብር በሦስተኛው ላይ ለማስኬድ ስታገል ሁለት ቀን አቃጠልኩ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው። መጀመሪያ ከፕሪሳይስ ጋር የሚመጣውን በቦይ ውስጥ ቀጥ ብሎ የቆመ ክንፍ ምሳሌ አስኪዱ፤ ቁመቱ 1 ሜትር ነው፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሄዳል። የእኔን ግን ሌሊት አስኪጄ መብራት ሲጠፋ ከዜሮ ጀምሬያለሁ።

ውጤቱ? ጠርዙ ሲላላ በሰከንድ 10 ሜትር ንፋስ ይርገበገባል፣ ሲጠብቅ ጸጥ ይላል። ስዕሉን ይዤ ስሄድ አማቴ ጠርዙን ዙሪያውን አፈር ውስጥ ቀብረውት ጨርሰዋል።