ባትሪ ለምታሳስሩ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ይሄን ልጅ ጥሩት

ቤቴ ደሴ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያግዘኝ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይረው) እና ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር-ሰዓት ጄል ባትሪ አለኝ። ግን ማታ መብራት በሄደ ቁጥር ገና የቲቪው ዜና ሳያልቅ ኢንቨርተሩ ይጮህና ድርግም ይላል። ያየው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነው፦ ባትሪ ጨምሪ። ዋጋውን ታውቁታላችሁ!

ይሄ ልጅ ግን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ መጣና ባትሪውን ከመንካቱ በፊት ምን ምን ዕቃ እንደምጠቀም ጠየቀኝ። ቲቪ፣ ዋይፋይ፣ አምፖል፣ ትንሽዬ ፍሪጅ። «ምጣድስ?» አለኝ። ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሚጎትት በዚህ ባትሪ እንጀራ መጋገር የለም ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። እንዲህ የሚናገር ባለሙያ ደስ ይለኛል።

ከዚያ በቴስተር ለካው። ለካ ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱት ሁለቱም ገመዶች የተነሱት ከአንዱ ባትሪ ላይ ነው፤ እሱ ሸክሙን ብቻውን ሲጎትት ሌላው ይዝናናል። ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው አድርጎ አሰረው፣ እኩል እንዲሠሩ። ገመዱንም በወፍራም ቀየረው። በ12 ቮልት 1,000 ዋት ሲሳብ ከ80 አምፔር በላይ ነው የሚያልፈው፣ የድሮው ደግሞ የአምፖል ገመድ ነው የሚመስለው፣ ሲነካ ይሞቅ ነበር። ብሎኑን አጥብቆ ገመዱን በእጁ ወዝወዝ አደረገና «አብሽሪ፣ አይላቀቅም» አለኝ።

ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ አስገባው። ለምን እዚህ ስለው፣ ገመዱ ተልጦ ቢነካካ ከባትሪው የሚመጣውን የሚያቆም ሌላ ነገር የለም አለኝ። ቆጣሪው ጋ ያለው ብሬከር ባትሪውን አያውቀውም። እኛ ቤት ከዚያ በፊት ፊውዝ የሚባል አልነበረም፣ ተኝተንበት ነው የኖርነው።

አንድ ባትሪ ሳልጨምር አሁን እስከ መኝታ ሰዓት ፍሪጁም ቲቪውም ይሠራል። የባትሪው ዕድሜ እንዲረዝም ግን ቻርጁን ከግማሽ በታች እንዳላወርደው አስጠንቅቆኛል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ ሙቀት ባትሪ ይገድላልና ፀሐይ የሚመታው ቆርቆሮ ሥር አታስቀምጡት ብሏል።

ሰዓት አያከብርም፣ እሱን ከወዲሁ እወቁት። ጠዋት ካላችሁት ከምሳ በኋላ ጠብቁት። ዕቃውን ግን ራሳችሁ ትገዛላችሁ፣ እሱ የሚቀበለው የእጁን ብቻ ነው፣ ገመድ ላይ አያተርፍም። እጁ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄዋለሁ።