ለትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ብር ከየት ይመጣል? የሞከርናቸውን የገንዘብ ምንጮች ልገምግማቸው

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ሴሬብራል ፓልሲ (አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት እንቅስቃሴና ጡንቻ ሚያስቸግር ችግር) እና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ቀን ቀን ሚውሉበት ማእከል አለን። ትንሽ ናት፣ ሁለት ክፍልና በረንዳ፣ ፊዚዮቴራፒስቱ (የልጆቹን ጡንቻና መገጣጠሚያ ሚያፍታታው ባለሙያ) በሳምንት የተወሰነ ቀን ይመጣል የቀረውን ሞግዚቶቹና እናቶቹ ናቸው ሚሰሩት። እንደኛ መጀመር ሚፈልጉ ሰዎች በውስጥ መስመር ሁሌ ሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው፣ ብሩን ከየት አመጣችሁት? ስለዚህ ሰው ፍሪጅ ገዝቶ ሪቪው እንደሚጽፈው እኔም የተጠቀምንበትን ወይ ጎረቤት ማእከሎች ሲጠቀሙበት በቅርብ ያየሁትን ምንጭ ሁሉ ልገምግመው፣ ኮከብም እሰጣለሁ።

እኔ መጀመሪያ ማየው ብሩ የቤት ኪራይና የሞግዚት ደሞዝ ይከፍላል ወይ የሚለውን ነው፣ መጠኑ ከዛ በኋላ ነው። አከራይ በየወሩ ነው ሚያንኳኳው። ደግሞ የኛ ስራ ሲቋረጥ ጉዳቱ ልጁ ሰውነት ላይ ነው ሚታየው፣ ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ጡንቻው በየጊዜው ካልተፍታታ እየተኮማተረ ይሄድና መገጣጠሚያው እንደታጠፈ ይቀራል፣ ስለዚህ አንድ አመት ትልቅ ብር አግኝቶ ከዛ ስድስት ወር ከሚዘጋ ማእከል ማይዘጋ ትንሽ ማእከል ይሻላል ባይ ነኝ።

አምስት ኮከብ ምሰጠው ለእድር ነው። አዎ ለእድር። የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ጋሼ፣ እድር ሰው እስኪሞት መጠበቅ የለበትም ብለው ስብሰባ ላይ ተሟግተው ከወርሃዊው መዋጮ ላይ በየቤቱ ትንሽ ብር ተጨምሮ ለልጆቹ እንዲሆን አስወሰኑልን። ለአንድ ቤት ይሄ ነው ማይባል ብር ነው ግን ብሎኩ ሁሉ ሲደመር ከኪራያችን ግማሹን ይሸፍናል፣ ፕሮፖዛል የለው የማመልከቻ ቀን የለው፣ በየወሩ ይመጣል በቃ። በየሶስት ወሩ ገቢና ወጪያችንን በወረቀት አድርገን ስብሰባቸው ላይ እናነባለን፣ እና እመኑኝ ከየትኛውም ዶነር (ለጋሽ ድርጅት) በላይ አጥብቀው ሚጠይቁት የእድሩ እናቶች ናቸው፣ ሳሙናው ለምን በዚህ ዋጋ ተገዛ፣ ከመርካቶ ቢመጣ ስንት ይቀንስ ነበር ይላሉ፣ እኛም ሂሳብ አያያዝ የተማርነው እዛ ስብሰባ ላይ ነው። ብር ብቻም አይደለም፣ ወንበርና ድንኳን በነጻ ይሰጡናል፣ ማታ ልጅ ሲታመም መኪና ያለው ጎረቤት ይጠራል። ጉድለቱ ብዙ አለማደጉ ነው። አከራይ ሲጨምር እነሱ ላይም ኑሮው ጨምሮ ነውና ጨምሩልን ማለት ይከብዳል።

ግን ማንኛውንም ብር በግለሰብ ስም አካውንት አትቀበሉ፣ መጀመሪያ ከሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ተመዝገቡና በድርጅቱ ስም አካውንት ክፈቱ። ይሄን ምለው ለወግ አይደለም፣ ከምዝገባ ምስክር ወረቀት ውጪ የትም በር አይከፈትም። ደግሞ ህጉ አሁን ከድሮው በጣም ይሻላል፣ የድሮው አዋጅ 621/2001 በመብት ጉዳይ የሚሰራ ሀገር በቀል ድርጅት ከውጭ ሚያገኘው ገንዘብ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይል ነበር፣ የአካል ጉዳተኞችና የህጻናት መብትም እዛ ውስጥ ነበር፣ ማለትም ልጅን ማብላት ይቻላል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲከለከል በውጭ ብር ስለመብቱ መሟገት ግን አስቸጋሪ ነበር። አዋጅ 1113/2011 ይሄን አነሳው፣ ከየትኛውም ህጋዊ ምንጭ ገንዘብ ማፈላለግ ይቻላል፣ የገቢ ማስገኛ ስራ መስራትም ይቻላል። የቀረው ገደብ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ነው፣ የአስተዳደር ሰራተኛ ደሞዝ፣ የኦዲት ክፍያ፣ የባንክ አገልግሎት ምናምን እዛ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የሞግዚትና የፊዚዮቴራፒስት ክፍያን፣ ልጆቹ ሚውሉበትን ክፍልም ጭምር፣ ባጀት ላይ የፕሮግራም ወጪ አድርጋችሁ ምክንያቱን ጻፉ፣ ስራው ራሱ እኮ እሱ ነው።

ኤምባሲዎች። ሶስት ተኩል ኮከብ። የጃፓን ኤምባሲ ለሀገር በቀል ድርጅቶች ሚሰጠው የግራስሩትስ እርዳታ ለግንባታና ለእቃ ጥሩ ነው፣ ክፍል መስራት፣ ጉድጓድ ማስቆፈር፣ መሳሪያ መግዛት፣ ደሞዝና የየእለት ማስኬጃ ግን አይከፍልም፣ ስለዚህ ቦታው የራሳችሁ ካልሆነ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ በተከራያችሁት ግቢ ላይ ማን ይገነባላችኋል። የካናዳው፣ ሲኤፍኤልአይ ሚሉት፣ መጠኑ አነስ ይላል፣ ብዙውን ጊዜ ከ15 ሺህ እስከ 35 ሺህ የካናዳ ዶላር አካባቢ ነው፣ ግን ለትንንሽ ድርጅት የታሰበ መሆኑ ያስታውቃል። ችግሩ ጊዜው ነው፣ የካናዳ በጀት አመት በማርች መጨረሻ ስለሚዘጋ አብዛኛው ፕሮጀክት ከዛ በፊት ማለቅ አለበት፣ ጥሪ ወጥቶ ተመርጦ ተፈርሞ ብሩ እስኪገባ ደግሞ ወራት ያልፋሉ፣ ለስራው ሚቀረው ጊዜ አጭር ነው። የአውስትራሊያም ዳይሬክት ኤይድ ፕሮግራም የሚል አለው። ለዊልቸር፣ ለመቆሚያና መቀመጫ ድጋፍ እቃ፣ ለእናቶች ስልጠና እነዚህን ሞክሩ። ለኪራይ አትሞክሩ።

አሁን ወደማልወደው። ፕሮፖዛል እንጽፋለን የሚሉ ቢሮዎች። አንድ ኮከብ፣ እሱም ስለማይቀነስ። አንዱ ዘንድ ሄድን፣ ስሙን አልጠራም፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለን ግራንቱ፣ ማለትም የእርዳታ ብሩ፣ ሲገኝ ደግሞ ፐርሰንት እወስዳለሁ አለን፣ ከዛ የላከልን ወረቀት ላይ የሌላ ድርጅት ስምና የሌላ ክልል ወረዳ ሳይጠፋ ቀርቶ አገኘነው፣ ልጆቻችን ሴሬብራል ፓልሲ ሆነው እሱ ስለ ግመል አርቢዎች ጽፏል። ከተገኘ ግራንት ላይ ፐርሰንት መክፈልን ብዙ ዶነሮች አይቀበሉትም፣ ባጀት ውስጥ ማታስገቡት ወጪ ነው፣ ከየት አምጥታችሁ ትከፍላላችሁ? ቅርጹን ሚያርምላችሁ ሰው ካስፈለገ ለስራው ቁርጥ ዋጋ ተነጋገሩ፣ ሀሳቡን ግን ከልጆቹ ጋር ሚውለው ሰው ይጻፈው። የኛን ያሸነፈልን ፕሮፖዛል ዋናው ክፍል ሞግዚታችን በአማርኛ የነገረችን ነው፣ አንድ እናት ልጇን አዝላ ሰርቪስ እንዳትሳፈር ስትከለከል ምን እንደምትሆን፣ እኛ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጥነው።

ሰብ ግራንት ደግሞ፣ ማለትም ትልቁ ድርጅት ከዶነር ተቀብሎ ለትንሹ ሚያካፍለው። ይሄ ለማደግ ትልቁ በር ነው፣ ስርአት ያስይዛል፣ የግዢ ህግ፣ የሰአት መቆጣጠሪያ፣ የህጻናት ደህንነት ፖሊሲ ሁሉ ያስጽፋችኋል እነዚህ ደግሞ ብሩ ካለቀም በኋላ ይቀራሉ። ግን ሁለቱንም እግራችሁን እዛ አታስገቡ። በጥር 2017 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም የሆነውን ሰፈራችን አይቶታል፣ የስራ አቁሙ ደብዳቤ መጣና እዚህ አቅራቢያ ያለ አንድ ማእከል ሰራተኞቹን ወዲያው አሰናበተ፣ ከዛ በመጋቢት የዩኤስኤአይዲ (የአሜሪካ መንግስት የእርዳታ መስሪያ ቤት) ፕሮግራሞች 83 በመቶው ተሰረዙ ተባለ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 መስሪያ ቤቱ ራሱ ስራውን አቆመ። የማእከሉ ጥፋት አልነበረም፣ ሪፖርታቸው ንጹህ ነበር። ከነሱ ልጆች የተወሰኑትን እኛ ተቀበልን ቦታ ግን የለንም፣ በረንዳው ላይ ፍራሽ ዘርግተን ነው ያዋልናቸው፣ እስካሁን ሲያናድደኝ ነው ሚኖረው። ስለዚህ ከአንድ ዶነር ሚመጣው ከገቢያችሁ ሲሶ በላይ እንዳይሆን ብትሞክሩ እላለሁ፣ ይሄ ህግ አይደለም የኔ ሀሳብ ነው።

ዲያስፖራ አራት ኮከብ፣ ግን በሰው ላይ ይወሰናል። ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ አካውንት ክፍያ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ አሜሪካ ወይ ካናዳ ያለ ታማኝ ሰው በስሙ ከፍቶ ነው ሚልክላችሁ፣ እንደዛ ሲሆን ሂሳቡ በጽሁፍ ይሁን፣ ቤተሰብም ቢሆን። ግሎባልጊቪንግ በሚባለው ሌላ የመዋጮ ድረገጽ ላይ ድርጅቱ ራሱ መመዝገብ ይችላል፣ ሰነድ ያጣራሉ ከዛ መግቢያው ላይ በተወሰነ ጊዜ ከብዙ ለጋሾች ብር ማሰባሰብን ፈተና ያደርጉታል፣ እና ፈተናውን ሚያልፈው ብዙ ወዳጅ ያለው ነው። ሀገር ውስጥ ወገን ፈንድ የሚባል የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ አለ፣ ቴሌብርም አለ፣ ለትንሽ ብር ቴሌብርን ሚያክል የለም። አንድ ነገር ግን አስቡ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ስርአት ሲቀየር ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100ን አለፈ፣ በዶላር ሚመጣላቸው ድርጅቶች በብር ሲቆጠር አበጠላቸው ግን ዳይፐሩም መድሀኒቱም ከውጭ ነው ሚመጣው አብሮ ወጣ። ባጀታችሁን በብር ብቻ አስራችሁ አትፈርሙ።

ስለ ቀጥታ ስርጭት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በ2017 ሜቄዶንያ ለህንጻው ማስጨረሻ በዩቲዩብ ላይቭ ህዝቡን እንዴት እንዳነቃነቀ ሁላችንም አይተናል፣ ደስ ይላል፣ ግን ከዛ ጀርባ ብዙ አመት የተገነባ ስምና እምነት አለ። እኛ ልጆቹን ቲክቶክ ላይ አናወጣም ብለን ወስነናል። ምራቁ እየፈሰሰ የተቀረጸ ልጅ ነገ አድጎ ቪዲዮውን ያገኘዋል፣ እናትየውም እምቢ ብትል ከማእከሉ የምትባረር ስለሚመስላት እሺ ያለችው እውነተኛ እሺታ አይደለም። የህዝብ መዋጮ ከማሰባሰባችሁ በፊትም ባለስልጣን መስሪያ ቤቱን ጠይቁ። ልደታቸውን ከልጆቹ ጋር ለማክበር ለሚመጡ ደግሞ በፍቅር ምንላቸው ነገር አለ፣ ብዙዎቹ ልጆች መዋጥ ስለሚቸገሩ ኬክ ሊያንቃቸው ይችላል፣ በኬኩ ፋንታ የአንድ ሳምንት ዳይፐር ግዙልን ወይ የአንድ ቀን ኪራይ ቻሉን። ማንም ተቆጥቶ አያውቅም፣ አንዳንዶቹ እንደውም በየወሩ ሚከፍሉ ሆነዋል።

የገቢ ማስገኛ ስራ ከእድር ቀጥሎ ማምነው ነው፣ አራት ተኩል። የእዳዬ አበበች ጎበናን ታሪክ ሁሉም ያውቀዋል፣ በ1972 በወሎ ረሃብ ጊዜ ለግሸን ማርያም ንግስ ሄደው ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ፣ ከቤተሰብ ተጣልተው እንጀራና ቆሎ እየሸጡ ነው የህጻናት ማሳደጊያቸውን የጀመሩት፣ ዶነር ሳይኖር። እኛ ጋ እናቶቹ እንጀራና ድፎ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ልጁ ጎን ላይ ስለሆነ እናትየው ልጇን ዘግታ ስራ መሄድ አይጠበቅባትም፣ ለኔ ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ህጉ ሚጠይቀው ሂሳቡ ለብቻው እንዲያዝ፣ ንግድ ፈቃድና ግብር እንዳለ ሆኖ፣ ትርፉ ለአባል እንዳይከፋፈልና ለአላማው ብቻ እንዲውል ነው። ግማሽ ኮከብ ያጎደልኩት በመብራት ነው፣ ምጣዱ ሊጥ ተደርጎበት መብራት ሲጠፋ የቀኑ ገቢ አብሮ ይጠፋል፣ ጤፍም ዋጋው አይጨበጥም።

ድርጅቶችን መጠየቅ አትፈሩ። የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ላይ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ተቀናሽ ነው፣ ይሄን ደብዳቤያችሁ ላይ ጻፉትና ህጋዊ ደረሰኝ እንደምትሰጡ ግለጹ። በዚህ መንገድ አንድ የብሎኬት ማምረቻ ለዊልቸር መወጣጫ ሲሚንቶና አሸዋ ሰጥቶናል፣ ባለቤቱ ራሱ መጥቶ ከፍታውን ለካው። ብር ከመጠየቅ የሚያመርቱትን መጠየቅ ይቀላል።

ኦዲተር ደግሞ አስቀድማችሁ ያዙ። በጀት አመታችሁ ባለቀ በ3 ወር ውስጥ የስራ አፈጻጸምና የኦዲት ሪፖርት ለባለስልጣኑ ማስገባት አለባችሁ፣ ሁሉም መጨረሻው ሳምንት ላይ ስለሚጣደፍ ዋጋው ይጨምራል ኦዲተሩም አይገኝም። ሰብ ግራንት ሚሰጡት ትልልቆቹ መጀመሪያ ሚጠይቁት ያለፉትን አመታት ኦዲት ነው፣ ስለዚህ ዘንድሮ እጃችሁ ላይ ያለው የእድር ብር ብቻ ቢሆንም እሱኑ ኦዲት አስደርጉት።