የድሮ የፖላንድ መንፈሳዊ ግጥም ከየቱ ይጀመር? ከቦጉሮጂትሳ ወይስ ከመነኩሴው ቭዋዲስዋቭ?

ቦጉሮጂትሳ፦ የእመቤታችን መዝሙር ነው፣ በጣም አጭር፣ ግን ቋንቋው ከጥንታዊነቱ የተነሳ ፖላንዶቹ ራሳቸው ያለ ማብራሪያ ይቸገሩበታል። ደራሲው አይታወቅም፣ የተገኘው የመጀመሪያ ጽሑፍ የ1407 እ.ኤ.አ. ነው፣ ደሞ ልክ እኛ በሰሙነ ሕማማት እንደምንለው ኪርያላይሶን ይላል።

ቭዋዲስዋቭ፦ በርናርዲን ከሚባሉት ፍራንቸስካውያን (የካቶሊክ መነኮሳት) ነው፣ በ1488 ሕማማቱን በፖሊሽ ገጠመው፣ ላቲን የማይገባው ሕዝብ አብሮ እንዲዘምር ማለት ነው። «ይሁዳ ኢየሱስን በከንቱ ገንዘብ ሸጠ» ብሎ ይጀምርና በቅደም ተከተል ይሄዳል፣ ረዘም ይላል ግን ታሪኩን ስለምታውቁት አይጠፋችሁም።

ጥንታዊ ቋንቋ ለሚወድ የመጀመሪያው ይሻላል፣ መነኮሳቱ ግጥሙን እንዴት ሕዝቡ አፍ ላይ እንዳደረሱት ማየት ለፈለገ ግን ሁለተኛው፣ እኔም በጣም የምወደው እሱን ነው።