የድምፅ መስጫ ወረቀት በፖስታ፦ የኮሎራዶ የ2022 ምርጫ አገልግሎት ሲመዘን

የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ኮሎራዶ ለመራጮቿ የምትሰጠውን በፖስታ ድምፅ የመስጫ አገልግሎት ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀምኩት እ.ኤ.አ. በ2022 በተካሄደው የአጋማሽ ዘመን ምርጫ፣ ዜግነት ባገኘሁ በዓመቱ ነው። ምርጫ ሲባል በልቤ የነበረው በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ ወጥተን የተሰለፍንበት ረጅም ሰልፍ ስለነበር፣ በግዛቲቱ ኦሮራ ከተማ በሚገኘው ቤቴ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ከመብራት ቢልና ከማስታወቂያ ወረቀቶች ጋር ተቀላቅሎ ሳገኘው ፖስታውን እንደያዝኩ ለአፍታ ደጅ ቆምኩ። ግዛቲቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣችው ሕግ መሠረት ወረቀቱ ለተመዘገበ ንቁ መራጭ ሁሉ ሳይጠየቅ ይላካል፤ በዚያ ዓመት መላክ የተጀመረው ኦክቶበር 17 ሲሆን የምርጫው ቀን ኖቬምበር 8 ነበር። በአካል ሄዶ መምረጥ ለሚፈልግም የምርጫ ማዕከላት ክፍት ናቸው፤ ያልተመዘገበ ሰው በዕለቱ እዚያው ተመዝግቦ ድምፅ መስጠት ይችላል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ጊዜ መስጠቱ ነው። በዚያ ዓመት የቀረበልን አገረ ገዥ ጃሬድ ፖሊስን ከሃይዲ ጋናል፣ ሴናተር ማይክል ቤኔትን ከጆ ኦዴይ አማርጦ የሚያልፍ አጭር ወረቀት ሳይሆን፣ በመላ ግዛቲቱ ለሕዝብ ውሳኔ የቀረቡ 11 ጥያቄዎችንና በሥልጣን ይቆዩ ወይስ ይውረዱ የተባሉ ዳኞችን ዝርዝር የያዘ፣ ፊትና ጀርባው የሞላ ወረቀት ነበር። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ከኋላው ሰልፈኛ እየጠበቀው በደቂቃዎች ውስጥ አንብቦ ሊወስን አይችልም። እኔና ባለቤቴ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሦስት ምሽት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ አንዱን ጥያቄ አንብበን ስንከራከር፣ ያልገባንን ለነገ ስናሳድር ቆየን። ለሁሉም የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነፃ ምግብ እንዲቀርብ የሚጠይቀው ኤፍ ኤፍ የተባለው ጥያቄ የሚጀምረው ግብር ይጨመር ወይ በሚል ዓረፍተ ነገር ስለነበር፣ ባለቤቴ መጀመሪያ ያለ ማመንታት «አይሆንም» ብላ ነበር። ወረድ ብለን ስናነብ ግን ጭማሪው የሚመለከተው በዓመት 300 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ገቢ ያላቸውን መሆኑን አየን። በግሮሰሪዎች ወይን እንዲሸጥ የሚፈቅደውን 125 ቁጥር በተመለከተም፣ አነስተኛ የመጠጥ መደብር ያለውን አንድ ወዳጃችንን ደውለን ጠይቀነው፣ ገበያው እንዳይወሰድበት እንደሚፈራ ነግሮናል፤ ጥያቄው በጠባብ ልዩነት ሲያልፍ ፍርሃቱ መሠረት የነበረው መሆኑ ታየኝ።

ለዚህ ንባብ የረዳን ከምርጫው አስቀድሞ በየቤቱ የሚላከው፣ ሰዎች ሰማያዊው መጽሐፍ የሚሉት መረጃ ነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት የጥናት ባለሙያዎች የሚያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ እያንዳንዱን ጥያቄ ካብራራ በኋላ የደጋፊዎችንና የተቃዋሚዎችን መከራከሪያ ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ስለ ዳኞቹም የሥራ አፈጻጸም ግምገማ ይዟል። በቴሌቪዥን ሲጮኹ ከሚያመሹት ማስታወቂያዎች ጋር ሳነጻጽረው ለዜጋ የተሰጠ ክብር ሆኖ ነው ያገኘሁት።

ከአገልግሎቱ ሁሉ ያስጨነቀኝ የፊርማ ማመሳከሩ ነው፤ የእኛ ሰው በተለይ ሊያውቀው ይገባል። መራጩ በፖስታው ጀርባ ላይ የሚያኖረው ፊርማ ለመንጃ ፈቃድ ከሰጠው ወይም በመዝገብ ከሚገኝ ሌላ ፊርማው ጋር ይመሳከራል፤ ጥርጣሬ ሲነሳም ከተለያየ ፓርቲ የመጡ ሁለት አስፈጻሚዎች አይመሳሰልም ብለው ካልተስማሙ በቀር ውድቅ አይደረግም። እኔ አገሩን በገባሁ ሰሞን ለመንጃ ፈቃድ ስፈርም ስሜን በላቲን ፊደል እየለቀምኩ ጽፌ ነበር፤ በፖስታው ላይ ግን እጄ ከወጣትነቴ ጀምሮ የለመደውን የአማርኛ ፊርማ አኖረ። ከቀናት በኋላ ፊርማዬ እንዳልተመሳሰለ የሚገልጽ ደብዳቤ ሲደርሰኝ፣ አጭበርባሪ የተባልኩ መስሎኝ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መፍትሔው ግን ቀላል ሆኖ አገኘሁት፦ ወደ 28683 የጽሑፍ መልእክት ልኬ፣ በመጣልኝ ማስፈንጠሪያ ገብቼ፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን ቁጥር አስገብቼ፣ በስልኬ ላይ ፈርሜና የመታወቂያዬን ፎቶ ልኬ በደቂቃዎች ውስጥ ጨረስኩ። ለማስተካከል ከምርጫው ቀን በኋላ እስከ 8 ቀን ይፈቀዳል፤ ደብዳቤውን የማስታወቂያ ወረቀት መስሎት የጣለ ሰው ግን ድምፁ ሳይቆጠር ይቀራል። በዚያው ዓመት ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ፣ በኮሎራዶ ሦስተኛው ወረዳ ሎረን ቦበርት አዳም ፍሪሽን ያሸነፉት፣ ድምፁ ዳግም ከተቆጠረ በኋላ፣ በ546 ድምፅ ብቻ ነበር፤ አዲስ በተከለለው ስምንተኛው ወረዳም ያዲራ ካራቬዮ ያለፉት በ1,632 ድምፅ ነው። ይህን ሳይ፣ በየቤቱ ተጥሎ የቀረ ደብዳቤ ስንት ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ስለ መመለሻው ብዙ የምለው የለኝም። በፖስታ ለሚመልስ ቴምብር ያስፈልጋል፤ በካሜራ በሚጠበቁት የድምፅ መስጫ ሳጥኖች ውስጥ ለሚያስገባ ግን ምንም ወጪ የለበትም። ወረቀቱ በምርጫው ዕለት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ መድረስ አለበት፤ ቀደም ብሎ የተመታ የፖስታ ቤት ማኅተም ዋጋ ስለሌለው፣ የመጨረሻው ሳምንት ከገባ በኋላ ወደ ሳጥን መውሰድ ይሻላል። ባሎት ትራክስ የተባለው የመከታተያ ዘዴ ወረቀቱ ሲላክ፣ ሲደርስና ተቀባይነት ሲያገኝ በስልክ መልእክት ያሳውቃል፤ ለባለቤቴ መልእክቱ የደረሳት ቀን እኔ ገና በፊርማዬ ጭንቀት ውስጥ ነበርኩ። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ለማረጋገጫ የሚመረመሩት ወረቀቶች በዕጣ የሚለዩ ሲሆን፣ ለዕጣው የሚያገለግለው ቁጥር የሚገኘው በሕዝብ ፊት ባለ አሥር ገጽ ዛሮችን በመጣል ነው። ኮሮጆ ተሰረቀ ሲባል እየሰማ ላደገ ሰው፣ ይህ ሥርዓት በአደባባይ መደረጉ ብቻ ልብ ያሳርፋል።

ግሪን ካርድ ላላቸው ወገኖቼ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በዚያ የምርጫ ወቅት ምርጫን የሚመራው የግዛቲቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ጽሕፈት ቤት፣ ዜጋ ላልሆኑ ወደ 30 ሺህ ለሚሆኑ ነዋሪዎች ተመዝገቡ የሚል የፖስታ ካርድ በስህተት ልኮ ነበር፤ ጽሕፈት ቤቱም ስህተቱን አምኖ አሳውቋል። ዜጋ ሳይሆኑ መምረጥ ግን የዜግነት ማመልከቻን ሊያስከለክልና ከአገር ሊያስወጣ ስለሚችል፣ የመንግሥት ዓርማ ያለበት ወረቀት መጣ ተብሎ መፈረም አይገባም፤ አስቀድሞ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጉድለቱ ከሁሉም በላይ የሚሰማኝ በቋንቋ ነው። ሰማያዊው መጽሐፍ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እንጂ በአማርኛ አልነበረም፤ የግብርና የዳኝነት ቃላቱ ደግሞ ለእኔ ለተማርኩት እንኳ ይከብዳሉ። ጎረቤታችን የሆኑት እማማ፣ ዜግነት ካገኙ ስድስት ዓመት ቢያልፋቸውም፣ ወረቀቱ በመጣ ቁጥር አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት እንደነበር የነገሩኝ በዚያ ሰሞን ነው። ማንበብ ለሚቸግረው መራጭ፣ ቀጣሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እስካልሆነ ድረስ፣ ራሱ የመረጠው ሰው እንዲረዳው የፌዴራሉ ሕግ ይፈቅዳል። እኔም በየገጹ ዳር በእርሳስ በአማርኛ የጻፍኩበትን መጽሐፍ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የትኛውን እንዲመርጡ ሳልነግራቸው፣ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ሐሳብ አንድ በአንድ እያነበብኩ ተረጎምኩላቸው። የልጆቹ ምግብ ላይ ስንደርስ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አሰቡ፣ «እስክሪብቶውን አቀብለኝ፣ እኔው ራሴ ላጥቁረው» አሉኝ።