ግማሽ ያህሉ ጨው የሆነ የናኖፋይበር ዱቄት

የሴሉሎስ ናኖፋይበርን፣ ማለትም ከተክል የሚወጣውን እጅግ ቀጭን ቃጫ፣ ለሁለት ዓመት የገዛሁት በጄል መልኩ ነው። 20 ኪሎ በሚይዝ ጄሪካን ውስጥ ባለ 2 በመቶ ጄል ያለው ቃጫ 400 ግራም ብቻ ነው፤ የቀረው ውኃ ነው። ያንን ውኃ ማጓጓዝ፣ ማቀዝቀዝ፣ ሻጋታ ሲያወጣም መድፋት ሰልችቶኝ ነበር። ስለዚህ በጨው ደርቆ ውኃ ውስጥ ሲገባ መልሶ የሚበተን ዱቄት እንዳለ ሳይ አንድ ብልቃጥ አዘዝሁ።

ይበተናል፤ በዚህ ሻጩ አልዋሸም። እኔ ያለ ጨው በምድጃ ያደረቅሁት ቃጫ እንደ ቀንድ ጠንክሮ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ብበጠብጠውም ቅርፊት ቅርፊቱ ከሥር ቀርቷል። ውኃው ሲወጣ ቃጫዎቹ ተጠጋግተው በሃይድሮጅን ትስስር ይጣበቃሉና ዳግም ውኃ ቢጨመርባቸው አይላቀቁም። ከመድረቁ በፊት የገባ የገበታ ጨው ግን መካከላቸው ገብቶ ያራርቃቸዋል፤ በኋላም ራሱ ሟሙቶ ለውኃው መንገድ ይከፍታል።

መጀመሪያ ግን ተስፋ ቆርጬ ነበር። ለ10 ደቂቃ የበጠበጥሁት ፈሳሽ ደፍርሶ፣ ቁርጥራጭ ደመና መስሎ ታየኝ። ይህ ዱቄት ካርቦክሲል፣ ማለትም ውኃ ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ የሚይዝ የአቶሞች ስብስብ፣ ያለው ዓይነት ነው፤ ቃጫዎቹን የሚያገፋፋቸውን አሉታዊ ቻርጅ ያው ጨው ይሸፍነዋል። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» ይባላል፤ የዚህኛው ጨው ሙያ ግን ሲያልቅለት ታጥቦ መውጣት ነው። ጨውን አሳልፎ ቃጫውን በሚያስቀር የዳያሊሲስ ከረጢት ውስጥ አድርጌ ውኃውን እየቀያየርሁ ሦስት ቀን ጠበቅሁ። በሦስተኛው ቀን ጠርቶና ወፍሮ አገኘሁት፤ ከጄሪካኑ ጄል በዓይን አልለየውም። አንዴ ቸኩዬ በቧንቧ ውኃ አጥቤው ነበር፤ የውኃው ካልሲየም ቃጫዎቹን አያይዞ አጓጎለብኝ። የተጣራ ውኃ ከሌላችሁ አትጀምሩት።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። በብልቃጡ ላይ የጨው መጠን አልተጻፈም። አንድ ግራም በ525 ዲግሪ ባቃጥል 0.46 ግራም ቀረ። ቃጫው ተቃጥሎ ስለሚያልቅ የቀረው በአብዛኛው ጨው መሆኑ ነው። ውኃ ከመግዛት አመለጥሁ ስል ጨው ስገዛ ተገኘሁ! ዱቄቱ ብረት ለሚቀባ ቀለም ደግሞ ሳይታጠብ ፈጽሞ አይገባም፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ብረቱን ያዝገዋል።

ያም ሆኖ ሁለተኛ ብልቃጥ አዝዣለሁ፤ መደርደሪያ ላይ ስምንት ወር ተቀምጦ አልሻገተምና። የጨው መጠኑን በመለያው ላይ እንዲጽፍ ለሻጩ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ልኬለታለሁ። እስካሁን አልመለሰልኝም።