ዘጠኝ ወር ሐዋሳ ሐይቅ ላይ፦ የላሜራ ጀልባ ቤት ይሆናል?

«ሽንት ቤቱስ?» ጀልባ ላይ እንደማድር የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ሌላ ነገር የጠየቀችኝ እናቴ ብቻ ናት፦ «ቤት እያለህ ውሃ ላይ የምታድረው ምን ጎድሎህ ነው?» ለእሷ እስካሁን መልስ የለኝም። ስለ ሽንት ቤቱ ግን ከበቂ በላይ አውቃለሁ።

ጀልባዋ 7 ሜትር ርዝመት አላት፤ ፍቅር ሐይቅ ከተባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ተነሥታ ጉማሬ ለማየት የሚሄዱ እንግዶችን ስታመላልስ የኖረች ናት። ወንበሮቿን አስነቅዬ አልጋ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ሶላርና ባትሪ አስገባሁባት። በሳምንት ሦስት አራት ሌሊት እዚያው አድራለሁ። ሐሳቡን የጫረብኝ የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ለንደን ውስጥ፣ ቦይ ላይ፣ ወርዷ 2 ሜትር ከምናምን በሆነች ጠባብ ጀልባ ውስጥ ይኖራል። ቋሚ ማሰሪያ ቦታ ስለሌለው በየ14 ቀኑ ሰፈር መቀየር ግዴታው ነው። የእሱ ጭንቀት ብርድና የምድጃ ከሰል ነው፤ የእኔ ፀሐይና ንፋስ።

የሽንት ቤቱን ዘዴ ያስተማረኝም እሱ ነው፦ ከሥሩ ተመዞ የሚወጣ፣ ክዳን ያለው ዕቃ። እነሱ ለዚሁ ተብሎ በቦዩ ዳር በተሠራ ቦታ ይደፉታል። እኔ ተሸክሜ ቤት እወስደዋለሁ። ሐይቅ ውስጥ ብደፋውስ? ሐዋሳ ሐይቅ እኮ መውጫ ወንዝ የለውም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተነዋለች፣ የጣልነው ቆሻሻ ግን እዚያው ይቀራል። ቅዳሜ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቁጭ ብዬ ዓሣውን በዳጣ የምበላው ደግሞ እኔው ነኝ። አንድ ቀን ባጃጅ ላይ ስጭነው ሾፌሩ «ምንድነው ወንድሜ?» አለኝ። «የተቃጠለ ዘይት» አልኩት።

ደስታው ንጋት ላይ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ዓሣ አጥማጆቹ ማታ የዘረጉትን መረብ ሊስቡ ይመጣሉ። ውሃው ገና አልነቃም፤ የመቅዘፊያው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል፣ ከዛፍ ላይ ዓሣ በል ንስር ይጮኻል። ቆሮሶ ከመረቡ ወደ መጥበሻዬ ሲገባ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ሌላው ደስታዬ ትንሽ ክፋት አለበት፦ መብራት ሲጠፋ። ከውሃው ላይ ሆኜ ከተማው ሰፈር በሰፈር ሲጨልም አያለሁ፣ የእኔ አምፖል ይበራል። እናቴ ያኔ ትደውላለች፦ «ስልኬን ይዤ ልምጣ?»

ሞተሯ 15 የፈረስ ጉልበት ናት፤ ወረቀት ላይ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይሸረፋል። ጠዋት አይታወቅም። ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉን ፊት ለፊት ስትጋፈጡት ይታወቃችኋል።

የጎዳኝ ግን ጉልበቷ ሳይሆን የተጣለ መረብ ነው። በአምስተኛው ወር ፕሮፔለሩ ላይ ተጠመጠመ፣ የሚታየውን ቆርጬ አነሣሁና ቀጠልኩ። ስሕተቴ ያ ነበር። ቀጭኑ የናይለን ክር ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ፓራኦሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውሃ እንዳይገባ የሚያትመውን የጎማ ቀለበት፣ በላው፣ ውሃ ወደ ካምቢዮው ሰረገ። ከወር በኋላ ዘይቱን ስቀይር ማኪያቶ መስሎ ወረደ። ፓራኦሊዮው ርካሽ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ግን ሦስት ሳምንት ቀዘፍኩ። አሁን መረብ በነካኝ ቁጥር ፕሮፔለሩን አውልቄ እስከ ዘንጉ አያለሁ።

ላሜራ ቀን ምጣድ ነው፣ ሌሊት ያልበዋል። ትንፋሽህ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ሌሊቱን አንሶላህ ላይ ይንጠባጠባል። ከጣሪያው ሥር ፎም ካስለጠፍኩ ወዲህ ቀንሷል። አጎበር ያለ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ አምፖል ካበራህ የሐይቁ ትንኝ በሙሉ እንግዳህ ነው።

ማሰሪያ ቦታ ላይ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ተሞኝቻለሁ። ለምለም ሣር ያለበት ዳርቻ አማረኝና እዚያ አሰርኳት። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ እኔ የተኛሁት በራቸው ላይ ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አንድ ከባድ ነገር ላሜራውን ታከከው፣ አልጋዬ ተንቀሳቀሰ። እስኪነጋ ሳል እንኳ አፍኜ ቆየሁ። ከዚያ ወዲህ ከሌሎቹ ጀልባዎች ጎን፣ ጥበቃ ያለበት ነው የማስራት።

ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ከውሃ አስወጡና ሆዷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ጤነኛ ላሜራ ይጮኻል፤ የበሰበሰው ድምፁ ይታፈናል። ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፣ ወለሉ ሥር ውሃ ካቆረበት፤ ስለዚህ ወለሉንም አስነሡ። እኔ ቀለሟን አይቼ ነው የገዛሁት። በሰባተኛው ወር ሁለት ቦታ አስበይጃለሁ።