ቀለም የጠፋበት ሰው ቃሊቲ ይሂድ

መጀመሪያ የሄድኩት ለእናቴ አጥር የሚሆን ያገለገለ ቆርቆሮ ፍለጋ ነበር። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ አራቱንም ለቀለም ብዬ ነው።

ግቢው ከቃሊቲ መናኸሪያ አለፍ ብሎ ወደ አቃቂ አቅጣጫ ነው። ታፔላ የለውም። ከፈረሰ ቤት የወጣ ቆርቆሮ፣ የብረት በርና መስኮት ይሸጣል፤ ቁራሌዎች የሰበሰቡትም እዚያው ይራገፋል። እኔ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ። ያኔ የአንድ ቡና ማሸጊያ ይዤ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ ነበር፣ ምክንያቱም ፒንተረስት ላይ ያገኘሁት ቀለም ሁሉ ከሌላው ሰው ማሸጊያ ጋር አንድ ዓይነት ሆነብኝ።

አንድ በር ፊት ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ላዩ ሰማያዊ ነው፣ ያ የድሮዎቹ ላዳ ታክሲዎች ሰማያዊ። እጀታው ዙሪያ፣ ስንት ሰው ሲነካካው የኖረበት ቦታ ላይ፣ ሰማያዊው ተልጦ ከሥሩ እንደ ወተት ስልባቦት ያለ ክሬም ይታያል። ከክሬሙ ሥር ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ አለ፣ እንደ ክር የቀጠነ። ከሁሉም ሥር ቀዩ አንቲረስት፣ ብረት እንዳይዝግ መጀመሪያ የሚቀባው። ታች፣ ዝናብ የሚረጨው ጋ፣ ዝገቱ በርበሬ መስሏል፤ ጠርዙ ደግሞ እርድ።

ቁጭ ብዬ እነዚህን ቀለሞች አንድ ላይ አልመርጣቸውም ነበር። ግን ይስማማሉ። በኋላ ሳስበው ግማሹ ዘመዳሞች ናቸው፦ የተለመደው ቀይ አንቲረስት ቀለሙን የሚያገኘው ከብረት ኦክሳይድ ነው፣ ዝገቱም ያው ብረት ኦክሳይድ ነው፣ የቀይ አፈርም መቅላት ከዚያው ነው። ውሃ የያዘው ዓይነት ቢጫ ይሆናል፣ ውሃው ሲወጣለት ይቀላል። ሰማያዊው ብቻውን እንግዳ ነው፤ ለዚህ ይመስለኛል እንዲያ የሚደምቀው።

የወሰድኩት ቀለሙን ብቻ አይደለም፣ መጠኑንም ነው። በሩ ላይ ሰማያዊው ሰፊ ነው፣ ክሬሙ መዳፍ ታክል፣ አረንጓዴው መስመር ብቻ። ማሸጊያውንም እንደዚያው ሠራሁት። በሦስተኛው አለፈ።

ቆርቆሮዎቹንም አትለፏቸው። አዲስ ቆርቆሮ በዚንክ ስለተለበጠ ያብለጨልጫል፣ ሲያረጅ አመድማ ይሆናል፣ ዚንኩ ሲያልቅ ዝገቱ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከሚስማሩ ቀዳዳ ዙሪያ ነው የሚጀምረው። በአንድ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ከብር እስከ ቡናማ ያለውን መንገድ በሙሉ ታገኛላችሁ።

ፎቶ የምታነሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ያንጸባርቃል። ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጋችሁ አንሱ፣ በኋላ ቀለሙን በእሱ ታስተካክላላችሁ፤ ስልክ ዝገትን ብርቱካናማ ማድረግ ይወዳል። ዝናብ የነካውን አትመኑ፣ ሲደርቅ ሌላ ቀለም ነው።

ቅሬታም አለኝ። ዋጋ የሚባል ነገር አልተለጠፈም፤ ክንድ ለማታክል ቁራጭ 300 ብር ተብዬ በ150 ወስጃለሁ። ጠርዙ ስለት ነው፦ ያለ ጓንት ነክቼ እጄን ቆርጦኝ ለቴታነስ መርፌ ጤና ጣቢያ ሄጃለሁ። ክረምት ላይ ያለ ቦቲ አይታሰብም።

ባለቤቱ ግን ሰው ናቸው። መጀመሪያ ቀን «ልጄ፣ የምትፈልጊው በሩን ነው ፎቶውን?» አሉኝ። «ሁለቱንም፣ ጋሼ» ስላቸው ዱካ አወጡልኝ።

ነገሩ ለሚገርማችሁ፣ ሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ከተጣለ የኮምፒውተር ሽቦና ሰሌዳ የሚሠራቸውን ሥራዎች እዩ። ሽቦው በራሱ ቀለም ምን እንደሚሆን እዚያ ይታያል። ከኤግዚቢሽን አዘጋጇ (ኩሬተሯ) መስከረም አሰግድ ጋር የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም በ2011 ዓ.ም መካኒሳ ተከፍቷል፤ ከግቢው በፊትም በኋላም ብትሄዱ ጥሩ ነው።

ትናንት ጋሼ ደወሉ። ሮዝ የተቀባ መስኮት መጥቷል፣ ከሥሩ ጥቁር ይታያል አሉኝ። እስከ ቅዳሜ እንዳይሸጡት ለምኛቸዋለሁ።